አሜሪካ ውስጥ መሳሪያ ሲገዛ የሚደረገው ባክግራውንድ ቼክ (ኒክስ)፦ ከ5 ኮከብ 3

እዚህ አሜሪካ መሳሪያ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ስለ ሱቁም ስለ ሽጉጡም ሳይሆን መሀል ላይ ስላለው ቼክ፣ ማለትም ገዢው መሳሪያ እንዳይገዛ በህግ የተከለከለ ሰው መሆን አለመሆኑን ስለሚያጣራው፣ ልጻፍላችሁ። ሱቁ ፎርም 4473 ያስሞላችኋል፣ መታወቂያ ያያል፣ ከዛ ኒክስ ወደሚባለው የኤፍቢአይ ሲስተም (አንዳንድ ስቴት ላይ በስቴቱ መስሪያ ቤት በኩል ነው) ስማችሁን ይልካል። ከ1998 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። መልሱ ከሶስት አንዱ ነው፣ ፕሮሲድ (ይሸጥለት)፣ ዲሌይድ (ይቆይ፣ እናጣራ) ወይ ዲናይድ (ተከልክሏል)። አብዛኛው ሰው እዛው ቆሞ እያለ ስለሚያልቅለት በፍጥነቱ አሪፍ ነው።

ጣጣው ዲሌይድ ላይ ነው። ስማችሁ የወንጀል ሪከርድ ካለበት ሰው ስም ጋር ከተመሳሰለ ትቆማላችሁ፣ የኛ ሰው ደሞ የቤተሰብ ስም የለው፣ መሀመድ አህመድ የሚባል ስንት አለ፣ የእንግሊዝኛው ስፔሊንግም አንዱ ወረቀት ላይ እንዲህ ሌላው ላይ እንዲያ ነው። ስለዚህ ፎርሙ ላይ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ግዴታ ባይሆንም ሙሉት፣ ከሞክሼያችሁ የሚለያችሁ እሱ ነው። በየጊዜው የሚያቆማችሁ ከሆነ ቪኤኤፍ ለሚባለው ፋይል (ሌላ ጊዜ በስህተት እንዳትቆሙ ኤፍቢአይ መረጃችሁን የሚያስቀምጥበት) ኤፍቢአይ ጋ አመልክቱ፣ ካለፋችሁ ዩፒን የሚባል ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ከዛ በኋላ ስትገዙ ፎርሙ ላይ እሱን ትጽፋላችሁ። ሻጩ ባይነግራችሁም ጠይቁ።

የሚያሳዝነው ንጹሁን የሚያጉላላው ዲሌይድ አደገኛውን ያሳልፋል። በፌደራል ህግ 3 የስራ ቀን አልፎ መልስ ካልመጣ ሱቁ መሸጥ ይችላል (ከ21 አመት በታች ለሆነ ከ2022ቱ ህግ ወዲህ እስከ 10 የስራ ቀን ሊረዝም ይችላል፣ ጠበቅ የሚያደርጉ ስቴቶችም አሉ)። በ2015 ቻርለስተን ቤተክርስቲያን ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያጠኑ የነበሩ 9 ሰዎችን የገደለው ልጅ ሽጉጡን ያገኘው እንዲሁ ነው፣ የአደንዛዥ እፅ ጉዳዩ በጊዜ ቢገኝ ኖሮ ይከለከል ነበር። ይሄን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

የቴረሪስት ዋች ሊስት (መንግስት በሽብር የሚጠረጥራቸው ሰዎች ስም ዝርዝር) ጉዳይም አለ። ሊስቱ ላይ ያለ ሰው መግዛት አይችልም ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፣ ግን አይደለም። ከ2004 ጀምሮ ስም ከሊስቱ ጋር ይመሳከራል፣ ከተገጣጠመ ግዢው ይቆምና መርማሪዎች እንዲያውቁት ይደረጋል፣ ሌላ የሚከለክል ነገር (ከባድ ወንጀል፣ የቤት ውስጥ ጥቃት ምናምን) ካልተገኘ ግን ያልፋል። የኮንግረሱ ኦዲት መስሪያ ቤት እንዳለው እስከ 2014 መጨረሻ ሊስቱ ላይ ካሉ ሰዎች ጋር የተያያዙ 2,233 ቼኮች ነበሩ፣ 2,043ቱ አልፈዋል። ኦርላንዶ ናይት ክለብ ውስጥ ከተፈጸመው የጅምላ ግድያ በኋላ ሰኔ 2016 ሴኔቱ ላይ ይሄን ለመቀየር ተሞክሮ ወደቀ።

እኔ ሊስቱ ብቻውን ይከልክል የሚለው አይዋጥልኝም፣ ለምን እንደገባህ ማንም አይነግርህም፣ በስም መመሳሰል የሚጠቁት ደሞ እነማን እንደሆኑ ኤርፖርት ላይ አይተናል። ግን ቼኩ ሳያልቅ መሳሪያ መስጠት ምን የሚሉት ነው? ሁለቱን ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው፣ ሰው ጨምራችሁ ቶሎ አጣሩ፣ እስኪጣራ ግን አትስጡ።

ዲናይድ ከመጣባችሁ ሌላ ሱቅ ሄዳችሁ እንዳትሞክሩ፣ የቼኩን ቁጥር ከሻጩ ተቀበሉና ምክንያቱን ኤፍቢአይን በጽሁፍ ጠይቁ፣ ስህተት ከሆነ ይግባኝ ማለት ይቻላል።