የዋሽንግተን ስቴት የ75 ሰዓት የኬርጊቨር ሥልጠና፦ ጥሩውና ጎዶሎው

ሲያትል አካባቢ ኬርጊቨር (ተንከባካቢ) ሆኖ ሆም ኬር፣ ማለትም ሰውን በቤቱ የመርዳት ሥራ፣ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው መግቢያው ይህ ሥልጠና ነው። አምስቱን ሰዓት፣ ማለትም ሁለቱን የሥራ ማስተዋወቂያና ሦስቱን የደህንነት፣ ደንበኛ ቤት ሳይገቡ ይጨርሳሉ። ቀሪው 70 ሰዓት በ120 ቀን ማለቅ፣ የሥራው ሰርተፊኬት ደግሞ በ200 ቀን ውስጥ መያዝ አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው ክፍል ከተጀመረበት ሳይሆን ከተቀጠሩበት ቀን ስለሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚማር ሰው ሳያስበው ይደርስበታል።

ምርጡ ክፍል የእጅ ሥራው ነው። ሰውን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ለማዛወር መጀመሪያ ዊልቸሩን በጠንካራው ጎን ያስጠጋሉ፣ ሁለቱንም ፍሬን ይቆልፋሉ፣ የእግር ማሳረፊያውን ከመንገድ ያነሳሉ። ከዚያ የማያንሸራትት ጫማ ያደርጉላቸዋል፣ ማዞሩ እስኪለቃቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ያስቀምጧቸዋል፣ የመያዣውን ቀበቶ ከልብስ በላይ ወገባቸው ላይ ያስራሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብብት ሥር ይዞ በማንሳት ነው፤ የእሳቸውን ትከሻ፣ የራሱንም ወገብ ይጎዳል። ስትሮክ የመታው ሰው ሲለብስ ከደካማው እጅ ይጀመራል፣ ሲያወልቅ ከጠንካራው። እጅ መታጠብ እንኳ ፈተና ላይ ይጥላል፦ 20 ሰከንድ በሳሙና አሽቶ ቧንቧውን በታጠበው እጅ መዝጋት ስህተት ነው፤ በደረቅ ወረቀት ነው የሚዘጋው።

ደካማው የመድኃኒቱ ክፍል ነው፤ ብዙ ቦታ በሩጫ ያልፋል። ኬርጊቨሩ ማስታወስ፣ ዕቃውን መክፈትና ማቀበል ይችላል። ደንበኛው ግን የሚወስዱት መድኃኒት መሆኑን አውቀው፣ በራሳቸው እጅ አፋቸው ውስጥ መክተት አለባቸው። እኛ ዘንድ ማጉረስ ፍቅር ነው፤ ክኒን ማጉረስ ግን እዚህ የነርስ ውክልና፣ ማለትም ነርስ ሥራዋን ለኬርጊቨሩ መስጠቷን፣ ይጠይቃል። ለዚያ የ9 ሰዓት ሌላ ሥልጠና አለ፣ ለኢንሱሊን 3 ሰዓት ይጨመራል።

የጽሑፍ ፈተናውን በአማርኛ መውሰድ ይቻላል። ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የተከታተለ ሰው ግን «የአልጋ ቁስል» እና «ሽባነት» የሚሉትን ቃላት አስቀድሞ ይያዛቸው፤ አለዚያ የሚያውቀውን ጥያቄ ይስታል። እንግሊዝኛ ለሚከብደው ሰው በ200 ቀኑ ላይ 60 ቀን የሚጨምር ጊዜያዊ ሰርተፊኬትም አለ፤ ብዙ ሰው ሳይጠይቀው ይቀራል።

ከመክፈልዎ በፊት ክፍሉ ውስጥ ስንት አልጋና ዊልቸር እንዳለ ይጠይቁ። አንድ አልጋ ለ20 ተማሪ ከሆነ እጅዎ ሳይለምድ ፈተና ይገባሉ።