ኮሚሳር ሜግሬ በቴሌቪዥን፦ ዣን ሪሻር ወይስ ብሩኖ ክሬሜር?

ቤልጂየማዊው ዦርዥ ሲምኖን ስለ ፓሪሱ የፖሊስ መርማሪ ኮሚሳር ሜግሬ በፈረንሳይኛ የጻፋቸው ልብ ወለዶች 75 ናቸው። የፈረንሳይ ቴሌቪዥን በረጅም ተከታታይ ፊልም ሁለት ጊዜ ሠርቷቸዋል።

መጀመሪያ ሜግሬን የተጫወተው ዣን ሪሻር ነው፤ ከ1967 እስከ 1990 እ.ኤ.አ.። ሰውየው ኮሜዲያን ነበር፤ የሰርከስ ባለቤትም ጭምር (ይገርማል!)። የፊልሙ ሠሪዎች ታሪኩን ወደ ራሳቸው ዘመን አምጥተውታል። መኪናውም አለባበሱም የዚያን ጊዜው ነው።

ብሩኖ ክሬሜር ከ1991 እስከ 2005 በ54 ክፍሎች ተጫውቶታል። እዚህ ዘመኑ ወደ 1950ዎቹ ይመለሳል። የድሮዋን ፓሪስ ለማሳየት አንዳንዱን ክፍል ፕራግ ድረስ ሄደው ነው የቀረጹት። ክሬሜር ግዙፍና ቁጥብ ነው። ፒፓውን ይዞ ዝም ይላል። ተጠርጣሪው ዝምታው ሲከብደው ራሱ መለፍለፍ ይጀምራል። የሲምኖን መጻሕፍትም እንዲሁ ናቸው፤ ማን ገደለ ከሚለው ይልቅ ለምን ገደለ የሚለው ይበልጥባቸዋል። ብቻ አካሄዱ ዝግ ያለ ነው። ተኩስና ሩጫ የለመደ ሰው እንቅልፍ ሊጥለው ይችላል።

እኔ ክሬሜርን እመርጣለሁ፤ ያለ ብዙ ማመንታት። የ1970ዎቹን ፈረንሳይ፣ ጎዳናዋንና ካፌዋን ማየት ለሚፈልግ ግን ሪሻር ይሻለዋል።