የተዘጋ መዝገብ ማስከፈት ወይስ አዲስ ክስ?

ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ለቀጠሮ መመላለስ ቀላል አይደለም። እንበል አንዲት እናት በሕክምና ስህተት ተጎዳችና ከሰሰች። በሬዎቿን ለመታከሚያ ሸጣለች። መሳፈሪያ አጥታ ቀጠሮው አለፋት፣ መዝገቡም ተዘጋ። አሁን ምን ታድርግ?

ብዙ ሰው "እንደገና እከሳለሁ" ይላል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን የዘጋበትን ትእዛዝ አንብቡት። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ተከሳሹ ቀርቦ ከሳሽ ከቀረ በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ አይቻልም። ያለው መንገድ በአንድ ወር ውስጥ የቀሩበትን በቂ ምክንያት አስረድቶ መዝገቡን ማስከፈት ነው። አንድ ወር ደግሞ እርሻና ሕመም ላለበት ሰው እንደ ነፋስ ያልፋል። የሕክምና ወረቀት ካለ አሁኑኑ ይሰብሰብ።

ሁለቱም ወገኖች ቀርተው ከሆነ አዲስ ክስ ይቻላል። ግን ዳኝነት፣ ማለትም ለፍርድ ቤት የሚከፈለው የክስ ክፍያ፣ እንደገና ይከፈላል፤ ይርጋም፣ ማለትም ካለፈ ክስ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ፣ አለ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚሰጠው 2 ዓመት ብቻ ነው። የውል ክስ 10 ዓመት አለው፤ ሆኖም ጉዳዩ ከየትኛው እንደሚመደብ ራሱ ያከራክራል። እኔ በ10 ዓመቱ ተማምኜ አልቀመጥም፤ የሚቻል ከሆነ ማስከፈቱን አስቀድማለሁ።

ስለ ድህነቱስ? በንግድ ሕጋችን ዕዳ መክፈል ላቃተው የተዘጋጀው የኪሳራ ሥርዓት የነጋዴ ነው፤ በሬ የሸጠችን ገበሬ አይመለከትም። ለእሷ የሚሆናት ዳኝነት ሳይከፍሉ ለመክሰስ ፈቃድ መጠየቅ ነው። ለዚህ የቀበሌ የድህነት ማስረጃ ይዛ ትሂድ።