ሞሮኮ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ አንድ አስጎብኚ ልጠቁማችሁ

ይህ ጽሁፍ ምስጋናም ነው፣ ጥቆማም ነው። ሞሮኮ ውስጥ የአይሁድ ታሪክ ያለባቸውን ቦታዎች በቡድን ያዞረንን አስጎብኚ በአደባባይ ማመስገን ፈለግሁ። ሰውየው የካዛብላንካ ልጅ ነው። ሙስሊም ነው። ዕብራይስጥ ያነባል፣ ይናገራልም። ስሙና ስልኩ እንዲለጠፍበት ስለማይፈልግ እዚህ አልጽፈውም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ስለ ቡድናችን ትንሽ ልበል። በደቡብ እስራኤል የአንድ ሰፈር ሰዎች ነን። ግማሾቻችን ከጎንደር አካባቢ የመጣን ቤተ እስራኤል ነን። ግማሾቹ ራሳቸው ወይም ወላጆቻቸው ከሞሮኮ የመጡ ጎረቤቶቻችን ናቸው። የደቡብ ከተሞችን የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም፤ እነሱ ቀድመው የሰፈሩበት ላይ እኛ ተጨመርን። የአይሁድ ፋሲካ ሲወጣ ለበዓላቸው፣ ለሚሙና ይጠሩናል። እኛ ደግሞ ለበዓላችን ለስግድ እንጠራቸዋለን። የጉዞው ሐሳብ የመጣው ፌዝ ከተወለዱ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ነው። "የአያቴን መቃብር ሳላይ አልሞትም" ብለው ድርቅ አሉ። በቃ፣ ተነሳን።

መጀመሪያ ያነጋገርነው ሌላ ድርጅት ነበር። የላከልን ፕሮግራም ርዕሱ "የአይሁድ ቅርስ" ይላል። ውስጡ ግን ግመል፣ ምንጣፍ መሸጫ፣ እንደገና ግመል ነው። ለምኩራብና ለመቃብር የተተወው አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። ተውነው።

ይኸኛው ሰው ዋጋ ከመላኩ በፊት የጥያቄ መዓት ላከ። ደረጃ መውጣት የማይችል ማን አለ? ሰንበት የምትጠብቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ የሆናቸው ወንዶች ስንት ናቸው? መቃብር የምትፈልጉ ካላችሁ የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የሞተበትን ዓመት ላኩልኝ። ወንዶቹን የቆጠረው ለሙታን ለሚባለው ለካዲሽ ጸሎት አሥር ሰው እንደሚያስፈልግ ስለሚያውቅ ነው። እኛ አሥር አንሞላም ነበር። ምን እንዳደረገ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሰንበትን ማራካሽ ነው የዋልነው። አሁን ብዙ ሆቴል በሩን የሚከፍተው በኤሌክትሪክ ካርድ ነው፤ ሰንበት ለሚጠብቅ ሰው ትልቅ ራስ ምታት ነው። እሱ ግን በአሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ግቢው መሐል ላይ ያለበት ባህላዊ ቤት ያዘልን። ሪያድ ይሉታል። ቁልፉ የብረት ቁልፍ ነው። ምኩራቡ በእግር ይደረሳል። አውቶቡሱ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ዋለ፣ ሹፌሩም አረፈ። ለምሳ ስኪና ቀረበ። ሽምብራ፣ ድንች፣ እንቁላልና ሥጋ አርብ ሳይመሽ ተጥዶ፣ እሳት ላይ አድሮ ቅዳሜ ቀትር ላይ የሚበላ ነው። የኛ አባቶች ሰንበት ላይ እሳት ጭራሽ አያቆዩም ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው የሚበሉት። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ድስቱ ሲጨስ አይተው "ይኼን ማን አሞቀው?" ብለው አፈጠጡ። አስጎብኛችን ተርጉሙልኝ አለ። ሲተረጎምለት ሳቀና፣ ኩሽና ገብቶ ቀዝቃዛ ሰላጣና ዳቦ ይዞላቸው መጣ። ሃይማኖት ሊያስተምራቸው አልሞከረም። ይኸ ነገር ሆዴን በላው።

ዋናው የማመሰግንበት ነገር ግን ሌላ ነው። ሰውየው ታሪክ አያጣፍጥም።

ፌዝ ላይ ላሳያችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ፌዝ ውስጥ "የራምባም ቤት" እያሉ ለጎብኚ የሚያሳዩት አንድ ቤት አለ፤ ራምባም ታላቅ የአይሁድ ሊቅ ነው። ፊቱ ላይ የድሮ የውሃ ሰዓት ቅሪት ይታያል። ሌሎች ቡድኖች ከፊቱ ቆመው ፎቶ ሲነሱ አየን፤ አስጎብኛቸውም ሊቁ እዚህ መስኮት ላይ ተቀምጦ ይጽፍ ነበር ይላቸዋል። የኛው ሰው "ራምባም ፌዝ የኖረው በ1160ዎቹ ነው። ይህ የሰዓት ቤት ያለቀው በ1357 ነው። ሒሳቡን እናንተ ስሩት" አለን። ቀጠለና "ፌዝ መኖሩ እውነት ነው። የትኛው ቤት እንደሆነ አላውቅም" አለ። እኛ ጎንደር አጠገብ ያለችውን የቤተ እስራኤል መንደር፣ ወለቃን የምናውቅ ሰዎች ነን። ባለቤቶቹ ከሄዱ በኋላ በስማቸው ለቱሪስት ምን ምን እንደሚነገር፣ ምን ምን እንደሚሸጥ አይተናል። "አላውቅም" የሚል አስጎብኚ ብርቅ ነው።

ማራካሽ ላይም ያው ነው። ስላት አል-አዛማ የሚባለው ምኩራብ በ1492 ከስፔን በተባረሩት አይሁዶች ተመሠረተ ይባላል። የማራካሽ መላህ፣ ማለትም የአይሁድ ሰፈሩ፣ የተቋቋመው ግን ከ1550ዎቹ ወዲህ ነው። እሱም ማኅበሩ ጥንታዊ ሊሆን ይችላል፣ ግድግዳው ግን አይደለም ብሎ አለፈ።

የፌዝ መላህ ከሞሮኮ የመጀመሪያው ነው፤ 1438። ከንጉሡ ቤተ መንግሥት ጎን የተለጠፈ ነው፤ ለጥበቃም ለቁጥጥርም እንዲመች። እዚያ ቆመን ስለ 1912 ነገረን። መጋቢት ላይ ሱልጣኑ አገሩን በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር የሚያስገባውን ውል ፈረመ። ሚያዝያ ላይ ወታደሮች አመፁ፣ መላህም ተዘረፈ፣ ተቃጠለ፣ ሰው ተገደለ። በሺዎች የሚቆጠሩት አይሁዶች የሸሹት ወደ ሱልጣኑ ግቢ ነው፤ በሩ ተከፈተላቸው። ቦታ ስለጠበበ አንዳንዶቹ የሱልጣኑ አራዊት በሚጠበቁበት፣ በባዶ የአውሬ ፍርግርግ ውስጥ ነው ያደሩት። ማን እንዳጠቃ ነገረን፣ በሩን ማን እንደከፈተም ነገረን። "ሁሌም እንደ ወንድማማች ነበርን" የሚለውን ዜማ አልዘፈነልንም። ሊያስፈራራንም አልሞከረም።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ የሶል ሐቹኤልን ታሪክ አነሳ። የታንጀር ልጅ ናት። እስልምናን ተቀብላ ነበር ተብላ ተከሰሰች፣ አልተቀበልኩም አለች፣ ወደ ፌዝ ተወሰደች። ሃሳቧን አልቀየረችም። በ1834 በ17 ዓመቷ አንገቷ ተቀላ። የገዛ ሃይማኖቱን ስም የሚያነሳ ታሪክ ነው። ቢዘለው ማናችንም አንጠይቀውም ነበር። አንድ ነገር ሳያስቀር ተናገረ። ሙስሊም ሴቶችም "ላላ ሶሊካ" እያሉ ስእለት ይዘው ወደ መቃብሯ ይመጡ እንደነበር የነገረን በመጨረሻ ነው።

አሁን ወደ አሮጊቷ ጎረቤታችን። የፌዝ የአይሁድ መቃብር ኖራ የተቀባ ነው። ጀርባቸው ክብ የሆኑ ነጫጭ መቃብሮች በቁልቁለቱ ላይ ተደርድረዋል። ብዙዎቹ ላይ ጽሁፍ የለም። አስጎብኛችን ስሙን ለመቃብሩ ጠባቂ ቀደም ብሎ ልኮ ነበር። ሁለቱ ከፊት፣ አሮጊቷ በክንድ ተደግፈው ከኋላ፣ ረድፍ በረድፍ ወረዱ። አንድ ቦታ ላይ ቆመና "የዚያ ዓመት ሰዎች የተቀበሩት በዚህ ረድፍ ነው። ከነዚህ አንዱ ናቸው። የትኛው እንደሆነ ግን ልነግርዎ አልችልም" አላቸው። ጣቱን አንዱ ላይ ቢቀስር ኖሮ አመስግነውት፣ ደስ ብሏቸው ይመለሱ ነበር። አላደረገውም። እሳቸው ትንሽ አሰቡና ለረድፉ በሙሉ ሻማ አበሩ። በዚያው ሰዓት ከፈረንሳይ የመጣ ቡድን በበሩ ገባ። አስጎብኛችን ከነሱ አስጎብኚ ጋር ሰዓቱን አስቀድሞ አስማምቶ ኖሯል። አሥሩ ሞላ፣ ካዲሽ ተባለ። እሱና ጠባቂው ራቅ ብለው ቆሙ።

ፌዝ ላይ ኢብን ዳናን የሚባለውን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ምኩራብም አይተናል። ከሥሩ የመንጻት ውሃ ጉድጓድ አለው። የኛ እናቶች ወደ ታች አጎንብሰው አዩና "እኛ እኮ ወንዝ ነበረን" ተባባሉ። ከዚያ ሴቶች በወር አበባ ጊዜ ለብቻ ስለሚቆዩበት ስለ መርገም ጎጆ ተጀመረ። አስጎብኛችን ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። እንዴት እንደሚነጹ፣ ስንት ቀን እንደሚቆዩ ጠይቆ ጻፈ።

አውቶቡስ ላይም እንደዚያው ነው። በጥር 1961 ኤጎዝ የምትባል ትንሽ መርከብ ከሞሮኮ በድብቅ ወደ ጂብራልታር ስትሄድ መስጠሟን ነገረን። 44 አይሁዶች አለቁ። የኛ ሽማግሌ "ወደ እስራኤል ስንመጣ ሱዳን ላይ ያለቁት የኛዎቹ ወደ 4 ሺህ ናቸው" አሉ፣ ዝግ ብለው። እሱ ማይኩን አቀበላቸው። እስከ ማራካሽ ድረስ የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ሞሮኮዎቹ ጎረቤቶቻችን ስንት ዓመት አብረውን ኖረው ይኼን ታሪክ ከነዝርዝሩ የሰሙት እዚያ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

ካዛብላንካ የሞሮኮ አይሁዶች ሙዚየም አለ። በ1997 የተከፈተ፣ በአረቡ ዓለም የመጀመሪያው የአይሁድ ሙዚየም ነው፤ ቤቱ ቀድሞ የአይሁድ ወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ነበር። በአንድ ወቅት ሩብ ሚሊዮን ያህል የነበሩት የአገሪቱ አይሁዶች ዛሬ ጥቂት ሺህ ብቻ መሆናቸውን እያሰባችሁ ግቡ። ኤሳዊራ ነፋሷ አያድርስ ነው፣ ሻሽ የሚያስሩ ይጠንቀቁ። በ2020 መጀመሪያ የተመረቀው ባይት ዳኪራ ያለው እዚያ ነው፤ አሮጌ ምኩራብ ታድሶ የመታሰቢያ ቤት ሆኗል። አይለፋችሁ።

እንከን የለውም አልልም። ሲሄድ ይሮጣል፣ ጉልበት ላለው ነው እንጂ ለእናቶቻችን ከበደ። ታሪክ ከያዘ ምሳ ይረሳል። ርካሽም አይደለም። ግን የተነጋገርነው ዋጋ ላይ አንድ ድርሃም አልጨመረም። በብዙ ቦታ የምኩራብና የመቃብር ቁልፍ የያዙት ሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው። ለየትኛው ቁልፍ ያዥ ምን ያህል መስጠት እንደሚገባ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ይነግረናል፣ ዝርዝር ብር የሌለውን ራሱ ይመነዝርለታል። ሱቅ ውስጥ አስገብቶ ኮሚሽን የሚቀበል ቢሆን እናውቅ ነበር፤ ከኛ ውስጥ የገበያ ሰው ሞልቷል።

ለሥራህ፣ ለትዕግስትህ፣ ለእናቶቻችን ላሳየኸው አክብሮት እናመሰግናለን፣ ወንድማችን። እግዚአብሔር ይስጥልን።

የምትፈልጉት ጻፉልኝ፣ ቁጥሩን እልካለሁ። ከወራት በፊት ያዙት፣ የሟች ስም ካላችሁ ደግሞ ቶሎ ላኩለት። በረመዳን ቡድን አይቀበልም። አርብ ቀትር ላይ አትደውሉለት፣ ጁምዓ ነው፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ያነሳል።