እማዬን ለገና ቅዳሴ ያበቃት በያጅ

የሐዋሳ ልጆች፣ ጎበዝ በያጅ የምትፈልጉ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ።

እማዬ እግሯ ከከዳት 6 ዓመት ሆናት። የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ደብራችን በር ላይ ደግሞ ሦስት ደረጃ አለ። መጀመሪያ ሰሞን የሰፈር ጎረምሶች ከነወንበሯ ተሸክመው ያስገቧት ነበር። አንድ ቀን ግን አንዱ አዳልጦት ወንበሩ ዘመመ። ከዚያ ወዲህ «ሰው አላስቸግርም» ብላ ቀረች። የገናን ሌሊት ነጠላዋን ለብሳ፣ መስኮት ከፍታ፣ ከሩቅ የድምፅ ማጉያውን እየሰማች ነበር የምታነጋው።

ዘንድሮ በጾመ ነቢያት ሰበካ ጉባኤው ራምፕ የሚባለውን መወጣጫ ለማሠራት ተስማማ። መጀመሪያ ያነጋገርነው ሰው «ሁለት ሜትር ይበቃል» አለን። አቶቴ አካባቢ የሚሠራው ይህ ወጣት ግን ሜትሩን ሳያወጣ በፊት ቤታችን መጣ። «እማማ፣ የቱ ጋ ነው የሚከብድዎት?» ብሎ ጠየቃት። እኔ ልመልስለት ስል እንኳ ዓይኑን ከእሷ አላነሳም። ይህን አልረሳለትም።

ደረጃዎቹ 45 ሳንቲሜትር ከፍታ አላቸው። ለ1 ሳንቲሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሳንቲሜትር ርዝመት ያስፈልጋል ብሎ 5 ሜትር ከ40 አደረገው። ካጠረ ቁልቁለቱ ወንበሩን ይዞት ይሄዳላ! ጫማ አውልቀን ስለምንገባ፣ ላሜራው በሌሊት ጤዛ እንዳያንሸራትት ላዩን ጎማ አለበሰው። ግራና ቀኝ መደገፊያ አቆመለት። በሩ ጋ ወንበር የሚዞርበት ጠፍጣፋ ቦታም ተወ። አሁን በምርኩዝ የሚመጡ አዛውንቶችም በዚያው ነው የሚገቡት።

«ወንበሩ ምንጣፍ ላይ ይወጣል ወይ?» የሚል ጥያቄም ተነስቶ ነበር። ቄሱ «ጎማውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ እግሯ እኮ ነው» አሉ። አለቀ።

ታኅሣሥ 28 ማታ በሴቶች በር በኩል ብቻዬን እየገፋሁ አስገባኋት። ጧፏን ይዛ አመሸች። ሌሊት ቆርባ ወጣች።

ልጁ የእጁን ዋጋ አልተቀበለም፤ «ለቤተ ክርስቲያን ነው» አለ። እናንተ ስትጠሩት ግን ሙሉውን ክፈሉት፣ የሚያድረው በዚሁ ሥራ ነው። ክሊኒክ፣ አዳራሽ ወይም ትልቅ ሱቅ ያላችሁም አስቡበት። አካል ጉዳተኞች የሚገቡበት መንገድ በሕዝብ ሕንፃ ላይ እንዲኖር በሕንፃ አዋጅ ተደንግጓል።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል።