የወሊድ አገልግሎት ቅሬታ፦ ለሆስፒታሉ ወይስ ለእንባ ጠባቂ?

ባሕር ዳር ላይ በወሊድ ወቅት እንግልት የደረሰባት እናት ቅሬታዋን ለሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን አስተዳደራዊ በደል ለሚመረምረው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ቅርንጫፍ ልታቀርብ ትችላለች። ሆስፒታሉ ካርዱና የምጥ መከታተያ ቅጹ በእጁ ስላሉ፣ «ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት የፅንሱን የልብ ምት ያዳመጠ አልነበረም» የሚል ማመልከቻ እዚያው ከመዝገቡ ጋር ሊመሳከር ይችላል፤ «አላከበሩኝም» ብቻ ያለ ወረቀት ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ችግሩ፣ ተከሳሹም ዳኛውም የአንድ ቤት ሰዎች መሆናቸው ነው። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው እንባ ጠባቂ አቤቱታን በቃልም ያለ ክፍያ ስለሚቀበል፣ ከዘጌ በጀልባ ለምትመጣና መጻፍ ለማትችል እናት ይቀላል፤ ሆኖም የሚሰጠው የመፍትሔ ሐሳብ እንጂ ፍርድ አይደለም። እኔ ብሆን ከሆስፒታሉ እጀምራለሁ፤ በማመልከቻዬ ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም ሳላስመታ ግን ከግቢው አልወጣም።