የእንሶስላ ምሽት ማዕድ በጎንደር፦ ምኑ ይገዛ፣ ምኑ ቤት ይሠራ?

ሙሽሪት ከጓደኞቿ ጋር ቤት የምታመሽበት ምሽት፣ እንሶስላ በሉት ብራይዳል ሻወር፣ ከሌላው የሠርግ ድግስ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ምሽቱ ሳይጋመስ እጅ ይታሰራል። የተወቀጠው እንሶስላ ወይም የተበጠበጠው ሂና መዳፍ ላይ ካረፈ በኋላ እንጀራ ቆርሶ ወጥ ማጥቀስ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ መጉረስ ብቻ ነው። ጎንደር ውስጥ ለእንዲህ ያለ ምሽት ተሠርቶ የሚሸጠውንና ቤት የሚሠራውን ስንመዝን የያዝነው ይህንኑ ነው፦ ቀዝቅዞ የሚበላ፣ በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ፣ ሦስት ሰዓት ትሪ ላይ ቢቀመጥ መልኩ የማይለወጥ። ልኩ ሁሉ ለ20 ሰው ነው።

በዚህ ሚዛን ዶሮ ወጥ ወዲያው ይወድቃል። ሽንኩርቱ ብቻ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከቀዘቀዘ ቅቤው ይረጋል፤ የአንድ ዶሮ ብልት 12 ነውና ሁለት ዶሮ ታርዶ ፈረሰኛው ለማን፣ ክንፉ ለማን መባባል ይመጣል። ለመልሱ ይቆይ።

ምግቡ ከመመረጡ በፊት ቀኑ ይታይ። ሠርጉ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሆነ ይቺ ምሽት ሐሙስ ወይም ዓርብ ላይ ትወድቃለች። ዓርብ ጾም ነው። በዚያ ላይ ጎንደር ውስጥ ከሙሽሪት ጓደኞች መካከል ክርስቲያንም ሙስሊምም አይጠፋም፤ ሥጋ ከገባ «የማን እርድ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይከተልና ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል። የጾም ማዕድ ሁለቱንም በአንዴ ይፈታል። በእኛ ግምት ሐሙስም ቢሆን ዋናው ትሪ የጾም ይሁን፤ የፍስክ ካስፈለገ ዓሣ ይጨመርበት፤ ስለ እሱ ወደ ታች አለ።

እንጀራ ይገዛ። ቤት የሚጋገር ካለ ጥሩ፣ ነገር ግን በሠርግ ሳምንት ምጣዱ ሥራ ይበዛበታል፤ ከ1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት የሚወጣው ከ6 እስከ 7 እንጀራ ነው፣ ለዚህ ምሽት ደግሞ 15 ያህል ያስፈልጋል። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባለው የሠርግ ወቅት እንጀራ ጋጋሪዎች ትእዛዝ ስለሚደራረብባቸው ቢያንስ አራት ቀን ቀድሞ ማዘዝ ይሻላል። ስትረከቡ አንዱን መሀል ለመሀል እጠፉት፤ እጥፋቱ ላይ ከተሰነጠቀ ወይ አድሯል፣ ወይ ሌላ ዱቄት በዝቶበታል። ለወጥ ምንም አይደል፤ ከታች ለተጻፈው ጥቅል ግን አይሆንም። ሌላው ጣጣ ትኩሱን በፌስታል ማሰር ነው፤ እንፋሎቱ ወደ እንጀራው ተመልሶ የታችኞቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ሰፌድ ይዛችሁ ሂዱ።

የምሽቱ ንጉሥ የሽሮ ጥቅል ነው። እጇ የታሰረ ሙሽራን ልብሷ ሳይነካ ለማጉረስ ከዚህ የተሻለ የለም። ለ8 እንጀራ 400 ግራም ሽሮ፣ ግማሽ ኪሎ ደቅቆ የተከተፈ ሽንኩርት፣ አንድ ብርጭቆ ዘይት፣ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት። ሽንኩርቱ በዘይት እስኪላላ ይቁላላ፤ ውኃው ይጨመርና ሲፈላ ሽሮው በአንድ እጅ እየተነሰነሰ በሌላው ይማሰል። ሽሮው የሚጓጉለው በአንዴ ሲደፋ ነው። እርግጠኛ ያልሆነች ሽሮውን አስቀድማ በቀዝቃዛ ውኃ ትበጥብጠው። ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው፦ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ሽሮም ሆነ ምስር ቆላ ላይ ከሚወስደው ጊዜ ይበልጥ ይፈልጋል። በለዘብተኛ እሳት ከ25 ደቂቃ በታች የወረደ ሽሮ ጥሬ ጥሬ ይላል። ዘይቱ ጠርዝ ላይ ሲወጣና ማማሰያው ድስቱ መሀል ላይ ያሰመረው መስመር ቶሎ ሳይከደን ሲቀር ይውረድ።

አሁን ትልቁ ስህተት የሚሠራበት ቦታ ደረስን፤ ትኩስ ሽሮ እንጀራ ላይ መቀባት። ትኩሱ የእንጀራውን ዓይን አልፎ ጀርባውን ያርሰዋል፣ ሲጠቀለልም ይቀደዳል። ሽሮው ፍጹም ይቀዝቅዝ። እንጀራው ዓይኑ ወደ ላይ ሆኖ ይዘርጋ፤ በማንኪያ ጀርባ ስስ ተደርጎ ይቀባ፤ ከወዲያኛው ጠርዝ አራት ጣት ያህል ባዶ ይቀመጥ፤ ሽሮው ሲገፋ መጥቶ የሚሞላው ያን ነው። በላዩ ፍሬው የወጣለት ቲማቲምና ቃሪያ ደቅቆ ይነስነስ፣ ከተፈለገ ውኃው በደንብ የተጨመቀ የተቀቀለ ጎመን በአንድ መስመር ይደርደር። ጠበቅ ተደርጎ ተጠቅልሎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ከዚያ በውኃ በተነከረ ስለታም ቢላዋ ሁለት ጣት ስፋት እየተደረገ ይቆረጥ፤ ቢላዋው በየሁለት ቁራጩ ይታጠብ። ዳርና ዳሩ ሲጣል ከአንድ እንጀራ ከ14 እስከ 16 ቁራጭ ይገኛል፤ 8 እንጀራ ለአንድ ሰው አምስት ስድስት ጉርሻ ያደርሳል። እያንዳንዱ ላይ ስቴኪኒ ይሰካ። የተቆረጠው ጫፍ (የሚጣለው) የሚዜዎች ቁርስ ነው፤ ኩሽና ውስጥ መጀመሪያ የሚያልቀውም እሱ ነው።

ሳምቡሳ ላይ የተለያየ ግምት አለን። ተጠብሶ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት የተጠበሰ ነው፤ ማታ ሲደርስ ቆዳው ይለዝባል፣ ሲነከስም ዘይት ይተፋል። ይህን አትግዙ። ጠቅልሎ ሳይጠብስ የሚሰጥ ሰው ከተገኘ ግን ሳይከራከሩ መግዛት ነው፤ አድካሚው ሥራ መጠቅለሉ ስለሆነ። ቤት ከተሠራ 60 ሳምቡሳ 1 ኪሎ ድፍን ምስር፣ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፣ 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄትና 2 ሊትር መጥበሻ ዘይት ይፈጃል። ሊጡ በግማሽ ሊትር ውኃና በሦስት ማንኪያ ዘይት ጠንከር ተደርጎ ይለወስ፤ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ 30 ቦታ ተድቦልቡሎ እያንዳንዱ በስሱ ይዳመጥ፤ ምጣድ ላይ ነካ ነካ ተደርጎ ለሁለት ይቆረጥ። የፈነዳ ሳምቡሳ ሁሉ ምክንያቱ እርጥብ ምስር ነው ማለት ይቻላል። ምስሩ ሳይፈርስ በስሎ፣ ወንፊት ላይ ግማሽ ሰዓት ተንጠፍጥፎ፣ ቀዝቅዞ ይሞላ። አንድ ሙሉ ማንኪያ ይበቃል። ማሸጊያው ወፈር ያለ የዱቄት ብጥብጥ ነው። ዘይቱ መድረሱ የሚታወቀው ቁራጭ ሊጥ ሲጣልበት ወዲያው አረፋ ይዞ ሲነሳ ነው፤ በአንዴ ከስምንት በላይ ከገባ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ሳምቡሳው መጥበሱን ትቶ ዘይት መጠጣት ይጀምራል። ከወጣ በኋላ ክዳን አይደረግበት።

የሱፍ ፍትፍት እጅ ከመታሰሩ በፊት በማንኪያ የሚበላ ነው። ግማሽ ኪሎ ሱፍ ታጥቦ አሥር ደቂቃ ይቀቀል፣ ውኃው ይደፋ፣ በ2 ሊትር ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ በጁስ መፍጫ ይፈጭና በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል። የሚወጣው ወተት የመሰለ ውኃ በጨው፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በቃሪያና በቲማቲም ተስተካክሎ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። እንጀራው የሚፈተፈትበት እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የተፈተፈተ ውኃውን ሁሉ ጠጥቶ ገንፎ ይሆናል። ስድስት እንጀራ ይበቃል። ሱፉና ሌላው ጥሬ ዕቃ ቅዳሜ ገበያ ሲገዛ ከሳምንቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ይሁን፤ በእፍኝ ታይቶ ጠጠርና ገለባ የበዛበት ይተው፤ ወፍጮውን የሚያበላሸው ጠጠሩ ነው። ስልጆ ያማራት ሙሽራ ካለች ደግሞ አምስት ቀን ቀድሞ ይጀመር፣ ባቄላውና ሱፉ በሰናፍጭ ተነክሮ ሳይብላላ የቀረበ ስልጆ አፍንጫ ብቻ ነው የሚያቃጥለው።

ሐሙስ ለሆነላቸው፦ ዓሣ እርድ የለውምና ማንንም ከማዕድ አያስነሳም። ጣና ከጎርጎራ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ የዕለቱ ዓሣ ይገኛል። ቆሮሶ ምረጡ፣ እሾኩ ይለቃል፤ አምባዛን ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉ አሉ። ጉንጩ ተከፍቶ ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ጎላ ያለ ይሁን። ከሙሉ ዓሣ የሚወጣው ጥሩ ሥጋ ሲሶ ያህል ስለሆነ ለ3 ኪሎ ሥጋ 9 ኪሎ ዓሣ ይታሰብ። ጣት በሚያህል ተቆርጦ፣ በሎሚና በጨው ሩብ ሰዓት ቆይቶ (ከዚያ በላይ ሎሚው ሥጋውን ያፈርሰዋል)፣ በጨርቅ ደርቆ፣ በዱቄት ተንከባሎ ይጠበስ። አዋዜ በጎን። ዓርብ ግን ዓሣ ማውጣት ጭቅጭቅ ያመጣል፤ ቢቀር ይሻላል።

ድፎ ዳቦ ቤት ቢጋገር ደስ ይላል፣ 2 ኪሎ ዱቄት፣ አንድ ሊትር ከሩብ ለብ ያለ ውኃ፣ 20 ግራም ደረቅ እርሾ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ትንሽ ዘይት፤ ኮባ ከታችና ከላይ። ከፍታው እዚህም ገብቶበታል፦ ሊጡ ቶሎ ስለሚነፋ በሰዓት ሳይሆን በዓይን ይታይ፤ እጥፍ ሲሆን ምጣድ ላይ ይውጣ። አልፎ የተነፋ ሲጋገር መሀሉ ይሰምጣል። በኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ ከዋዜማው ይጋገር። የምሽቱ ዕለት መብራት ቢጠፋ ዳቦው መሶብ ውስጥ አለ ማለት ነው።

የጾም ኬክ ይገዛ፣ በቤት ምድጃ አትታገሉት። ቅቤና እንቁላል የሌለው ኬክ በማግስቱ ሊደርቅ ስለሚችል በዕለቱ ከሰዓት በኋላ እንዲወጣ እዘዙ፤ ስታዝዙም «የጾም» የሚለው ክሬሙንም እንደሚጨምር አረጋግጡ፣ አንዳንድ ቦታ ኬኩ የጾም ሆኖ ክሬሙ የወተት ነው። ከፒያሳ ወደ ሰፈር በባጃጅ ሲሄድ ጭን ላይ አይያዝ። ዳገቱና ኮብልስቶኑ ጭንን ያዘነብለዋል፤ ካርቶኑ ወለሉ ላይ በሁለት እግር መሀል ተይዞ ይሂድ።

ለመጠጥ ብርዝ ከለስላሳ ሁሉ ይበልጣል። 1 ኪሎ ማር በ5 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ተበጥብጦ፣ ተጠልሎ፣ አንድ ቀን ብቻ። ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ መፍላት ስለሚጀምር ለሙስሊም ጓደኞች አይሰጥም። ለሠርጉ የተጠመቀውን የጠላ ጋን ለዚህ ምሽት አትክፈቱት፤ አንዴ አየር ከገባው እስከ እሑድ ይኮመጥጣል። ደግሞ ምግቡ ቀዝቃዛ በመሆኑ የምግብ ማሞቂያ ትሪ መከራየት አያስፈልግም፤ ከኪራይ ቤት የሚወሰደው ወንበርና ብርጭቆ ብቻ ነው። ሲረከቡ ቆጥሮ፣ የተሰነጠቀውን እዚያው ለይቶ።

ሰዓቱ እንዲህ ቢሄድ ይመቻል፦ 11 ሰዓት ላይ ፍትፍቱና ዳቦው፣ 12 ተኩል ላይ እጅ በሳሙና መታጠብ። ይህቺን አትዝለሏት፤ ቅባት በነካው ቆዳ ላይ ሂና በደንብ አይዝም፤ ሳምቡሳውን ከእንሶስላው በኋላ ማቅረብ የሚሻለውም ለዚህ ነው። 1 ሰዓት ላይ ይታሰራል። ከዚያ ጥቅሉና ሳምቡሳው በትሪ ይዞራል፤ እጃቸው ያልታሰረ ሁለት ሚዜዎች የሚያጎርሱ ይመደቡ፤ ለሁለት ያልተመደበ ሥራ ሁሉም ለዘፈን ሲነሳ ባለቤት ያጣል። ለሙሽሪት ብርዙ በስትሮ ይሁን። ቡናው መጨረሻ ላይ ከፈንዲሻ ጋር ይመጣል፣ ሩብ ኪሎ ጥሬ ቡና ለሁለት ጀበና ይበቃል፤ ለሙሽሪት ስኒው ግማሽ ብቻ ተቀድቶ፣ በረድ ብሎ ይያዝላት።